ዓይኔ ያየውን ካሜራዬ ለምን ነፈገኝ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የመልክዓ ምድር ፎቶ

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናገር። እኔ ባለሙያ ፎቶ አንሺ አይደለሁም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቅዳሜ ስትመጣ ግን ቦርሳዬን አንጠልጥዬ እብስ ነው። እንዲህ ስል አሥራ አንድ ዓመት ሞላኝ። እስካሁን ያበላሸሁት ፎቶ ካሳመርኩት በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ስለዚህ እዚህ የምታነቡት ምክር አብዛኛው በኪሳራ የተገዛ ነው። ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ጥቂቶቹን መርጫለሁ። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ አትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ የማነሳው በስልኬ ነው። እንጦጦ ወጥቼ ከተማውን ፀሐይ ስትወጣ ሳነሳው ወይ ሰማዩ እንደ ወረቀት ይነጣል፣ ወይ ከተማው ጥላሸት ይሆናል። በዓይኔ ግን ሁለቱም ቁልጭ ብለው ይታዩኛል። ካሜራ ልግዛ ይሆን? (ተማሪ ነኝ፣ ከሽሮ ሜዳ)

መልስ፦ አትግዢ። ቢያንስ ለዚህ ብለሽ አትግዢ። ካሜራ ብትገዢም ያው ችግር ተከትሎሽ ይመጣል፣ ያውም ኪስሽን አራቁቶ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንጦጦ ላይ ቆመሽ ሰማዩን ስታዪ የዓይንሽ ብሌን ይጠብባል። ቁልቁል ወደ ቤቶቹ ጣሪያ ስታዪ ደግሞ ይከፈታል። አእምሮሽ ሁለቱን ገጣጥሞ አንድ ሥዕል አድርጎ ያቀርብልሻል፣ አንቺም ሁሉንም በአንዴ ያየሽ ይመስልሻል። ስልክሽ ግን አንዴ ነው የሚያየው። የቱን ላድምቅ እያለ ሲቸገር መሃል ላይ ይወስንና ሁለቱንም ያበላሻቸዋል።

ስለዚህ አንቺ ወስኚለት። ስክሪኑ ላይ በጣም የበራውን ደመና ንኪውና ጣትሽን ሳታነሺ ትንሽ ቆዪ፣ ብርሃኑ ይቆለፋል። ከዚያ ጣትሽን ወደ ታች ጎተት አድርጊ። ከተማው ይጨልማል። ይጨልም! ቤት ስትገቢ ስናፕሲድ በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ መተግበሪያ ላይ (በነፃ ነው) «ሻዶ» የሚለውን ከፍ ስታደርጊው ጣሪያዎቹ ከጨለማው ውስጥ ብቅ ብቅ ይላሉ። የጨለመ ቦታ ውስጥ የተደበቀ ነገር አለ። ነጥቶ የጠፋ ሰማይ ውስጥ ግን ምንም የለም፣ የፈለግሽውን ያህል ብትጎትቺው ግራጫ ነው የሚወጣልሽ።

ሌላው ሰዓቱ ነው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፣ ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው። አውሮፓ ያሉት ፎቶ አንሺዎች ወጋገኑ ቀስ ብሎ እስኪያልፍ ቡናቸውን ይጠጣሉ። እኛ ጋ ያ ሮዝና ብርቱካን የሚሉት ቀለም ሃያ ደቂቃ ቢቆይ ነው፣ ከዚያ ፀሐይ ፊትሽ ላይ ትፈነጥቃለች፣ በቃ አለቀ። አዲስ አበባ ላይ በሰኔ መግቢያ ፀሐይ 12፡10 ገደማ ትወጣለች፣ በጥር ደግሞ 12፡45 ገደማ። አንቺ ከዚያ በፊት ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለሽ እዚያው መቆም አለብሽ። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ብርዱ አይጣል ነውና ጋቢ አትርሺ።

አንድ ተጨማሪ ምስጢር ልንገርሽ። ከእንጦጦ ከተማውን ስታዪ ፊትሽ ወደ ደቡብ ነው፣ ምሥራቅ በግራሽ ነው። በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ጠጋ ብላ ስለምትወጣ ፎቶሽ ውስጥ ልትገባ ምንም አይቀራት፣ ነገሩን ሁሉ ከባድ የምታደርግብሽ እሷ ናት። ግንቦት ላይ ግን ወደ ሰሜን ሸሸት ብላ ከግራ ትከሻሽ ኋላ ትመጣለች። ያኔ ብርሃኑ ጣሪያዎቹን በጎን ይመታቸዋል፣ ሰማዩም አያስቸግርሽም። በጥር ያቃተሽ ፎቶ በግንቦት ራሱ ይመጣልሻል።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ልጄ ከውጭ አገር ካሜራ ላከችልኝ። በየካቲት ደብረ ሊባኖስ ሄጄ ከአፋፉ ላይ ሸለቆውን አነሳሁ። ቤት መጥቼ ኮምፒውተር ላይ ሳየው ሁሉም ነገር አመድ ለብሷል። ሌንሱ ተበላሽቶ ይሆን? (ከፍቼ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ሌንሱ ጤነኛ ነው። እርስዎ ያነሱት አየሩን ነው።

በበጋ አየሩ ውስጥ አቧራና ጭስ ይንሳፈፋል። እርስዎ የቆሙበት አፋፍና ከማዶ ባለው ሸንተረር መካከል ብዙ ኪሎ ሜትር አየር አለ፣ በዚያ ሁሉ አየር ውስጥ ያለችው እያንዳንዷ ብናኝ የፀሐይን ብርሃን ትበትናለች። የሚታየው ሸንተረሩ በነጭ ሻሽ ተሸፍኖ ነው። ሌንስ ቢቀይሩ አይለቅም። ረጅም ሌንስማ ጭራሽ ያብሰዋል፣ ያንኑ ጭጋግ አጉልቶ ያመጣዋላ!

መድኃኒቱ ዝናብ ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ክረምቱ አየሩን አጥቦት ሲወጣ፣ ያንኑ ቦታ ቢሄዱ ከማዶ ያለውን ዛፍ ሊቆጥሩ ምንም አይቀርዎትም። መሬቱ አረንጓዴ ነው፣ አደይ አበባውም አለ። ያ ካልተመቸዎት ማለዳ ይሂዱ፣ መሬቱ ሳይሞቅና ንፋሱ አቧራውን ሳያነሳ። ደግሞ ማለዳ ሌላ ጥቅም አለው። ጭላዳዎቹ ሌሊቱን ገደሉ ላይ ያድሩና ጠዋት ወደ አፋፉ ይወጣሉ። አንድ ወንድ ጭላዳ ጎፈሩን ነስንሶ አፋፉ ላይ ሲቀመጥ ያንን ባዶ ሸለቆ ልክ ያስይዝልዎታል። ያለ እሱ ገደሉ አንድ ሜትር ይሁን አንድ ኪሎ ሜትር፣ ፎቶውን የሚያይ ሰው በምን ያውቃል?

አሁን ያለዎትን ፎቶ ደግሞ አይጣሉት። ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ «ዲሄዝ» የሚባል ጭጋግ የሚቀንስ መጎተቻ አለ። ብዙ ሰው መቶ ላይ ያደርሰውና ሰማዩ ዝናብ ያዘለ ይመስላል፣ ቅጠሉም ይጠቁራል። እርስዎ 20 ወይም 25 ላይ ያቁሙት፣ እሱንም ለፎቶው ሁሉ አያድርጉት። ጭጋጉ ያለው ከማዶ ነው፣ እግርዎ ሥር ያለው ድንጋይ ምንም አላጠፋም። ማስክ የሚባለውን ከፍተው የራቀውን ክፍል ብቻ ይምረጡ። ከዚያ እዚያው ክፍል ላይ ሰማያዊውን ትንሽ ቀነስ ያድርጉለት።

ወይም ከነጭራሹ ይተዉትና ጭጋጉን ራሱን ያንሱት። ፀሐይን ወደ ፊትዎ አድርገው፣ ሌንሱን 100 ወይም 200 ሚሊ ሜትር ላይ አድርገው ሸንተረሮቹን ብቻ ቢያነሱ፣ የቅርቡ ጥቁር፣ ቀጣዩ ግራጫ፣ የመጨረሻው ጭስ የመሰለ ሆነው ተደራርበው ይቀመጡልዎታል። እኔ ካነሳኋቸው ውስጥ ግድግዳ ላይ የሰቀልኳት አንዷ እንዲህ ዓይነት ናት፣ ያውም በየካቲት ተበሳጭቼ ወደ ቤት ልመለስ ስል ያነሳኋት።

ለማንኛውም ሌንሱን በለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉት። እኔ አንድ ጊዜ ለሦስት ወር «ጭጋግ» ስል የከረምኩት የገዛ ጣቴን አሻራ ነበር።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ካሜራ ከገዛ ወዲህ ቅዳሜ ባል የለኝም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ ይወጣል። ቤተሰብ ሆነን ቢሾፍቱ እንኳ ብንሄድ ሐይቁ ዳር ተገትሮ «ብርሃኑ እስኪመጣ» ይለኛል፣ ልጆቹ ይራባሉ። ያመጣውን ሳየው ደግሞ ያው ሐይቅ ነው። አንተም እንደሱ ነህ መሰለኝ፣ እስቲ ምን ይሻላል? (ከገርጂ)

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ባለቤቴ አንብባ «እኔ ነኝ የጻፍኩት?» አለችኝ። ስለዚህ የምመልስልሽ በሁለት ሴቶች ፊት ቆሜ ነው።

ባለቤትሽ ስለ ብርሃኑ ልክ ነው። ስለ ሰዓቱ ግን ተሳስቷል። እኛ አገር ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀትር በኋላ 10 ሰዓት ድረስ መልክዓ ምድር የሚያነሳ ሰው ምንም የሚያተርፈው የለም። ፀሐይ ከፍ ብላለች፣ ጥላው አጥሯል፣ ጥላ ካጠረ ደግሞ ተራራው ልሙጥ ይሆናል። አዲስ አበባና ቢሾፍቱ ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ የመጀመሪያው ሳምንትና በነሐሴ መጨረሻ፣ ቀትር ላይ ፀሐይ ልክ ከአናታችን በላይ ትቆማለች። ቀጥ ብሎ የቆመ እንጨት ጥላውን ይረግጠዋል። በዚህ ሰዓት ሐይቅ ዳር ቆሞ «ብርሃኑ እስኪመጣ» የሚል ሰው ወይ ጀማሪ ነው፣ ወይ ልጆቹ አልቅሰውበት ሸሽቶ ነው።

እና ስምምነት አድርጉ። ንጋት የእሱ ነው። ባቦጋያ በጠዋት ንፋስ ሳይነሳ መስታወት ነው፣ ይሂድ፣ ያንሳ፣ 2 ሰዓት ላይ ቁርስ ጠረጴዛው ላይ ይገኝ። ከዚያ እስከ 11 ሰዓት ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይቆያል፣ ይህ ያንቺና የልጆቹ ነው፣ እሱም ምንም አይጎድልበትም። 11 ሰዓት ላይ አንድ ሰዓት ስጪው። ከዚያ አይበልጥም፣ ከመሸ ወዲያ ያው ሰበብ ነው።

«ያው ሐይቅ ነው» ያልሽው ግን ትልቅ ነገር ነው። ብዙዎቻችን ይህን የሚነግረን ሰው አጥተን ነው ዓመታት የፈጀነው። ፎቶ ሲያሳይሽ «አሪፍ ነው» ብለሽ አትገላገይው። «ይቺን ለምን አነሳሃት?» በይው። ሐይቁን ነው? ሐይቁ ላይ የወደቀውን የደመና ጥላ ነው? ጀልባዋን ነው? መልስ ከሌለው ፎቶውም መልስ የለውም። ደግሞ ከልጆቹ አንዱን አፋፉ ላይ ያቁመው (ከጫፉ ራቅ አድርጎ፣ አደራ!)። አንድ ቀይ ሹራብ የለበሰ ትንሽ ልጅ ከዚያ ሁሉ ውሃ ፊት ሲቆም ምን እንደሚሆን ያየዋል። ልጆቹም ቢሆኑ ሥራ ካገኙ አይነጫነጩም።

ጥያቄ፦ አንድ የወንጪ ፎቶ ለጓደኞቼ ላክሁ። ሁሉም «ይሄ ኤዲት ነው፣ ውሸት ነው» አሉኝ። አዎ፣ ኤዲት አድርጌዋለሁ። አጭበርብሬያለሁ ማለት ነው? (ከአምቦ)

መልስ፦ ጓደኞችህ ያነሱት ሁሉ ኤዲት የተደረገ መሆኑን አልነገርካቸውም እንዴ? ስልካቸው ገና ቁልፉን ሲጫኑት ሰማዩን ያደምቃል፣ ጥላውን ያበራል፣ ሳሩን ያለመልማል፣ ፊታቸውን ያለሰልሳል። ሳይጠይቃቸው ነው። አንተ ደግሞ ጥሬውን አንስተህ ራስህ ሠራኸው። ልዩነቱ ሥጋውን ተሠርቶ መግዛትና ራስ መሥራት ነው።

ሮው የሚባለው ፋይል ልክ እንደዚያ ነው፣ ጥሬ ነው። ጄፔግ (ካሜራው ራሱ አብስሎ የሚሰጥህ የተለመደው ፋይል) ለእያንዳንዱ ቀለም ከጥቁር እስከ ነጭ 256 ደረጃ ብቻ ነው የሚይዘው። ባለ 14 ቢት ሮው ግን 16,384 ደረጃ ይይዛል። ጄፔግ ላይ ሰማዩን ስትጎትተው እንደ ደረጃ የሚቆራረጠው፣ ሮው ላይ የማይቆራረጠው ለዚህ ነው። ነገር ግን ሮውን ያለ ኤዲት ብትልከው ጓደኞችህ «ምነው ገረጣ» ነው የሚሉህ፣ ምክንያቱም ማንም ገና አላበሰለውም።

የድሮዎቹም ቢሆኑ ያበስሉ ነበር። አንሴል አዳምስ የሚባለው አሜሪካዊ በ1941 እ.ኤ.አ. ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ሄርናንዴዝ በምትባል መንደር ላይ ጨረቃ ስትወጣ አነሳ። እሱ ራሱ እንደተረከው የብርሃን መለኪያውን ፈልጎ አጣው፣ የፀሐይዋ ብርሃን ከመቃብሮቹ መስቀል ላይ ሊጠፋ ደቂቃ ቀርቶታል። የጨረቃን ብርሃን መጠን በቃሉ ያውቅ ነበርና ከእሱ ተነስቶ ሒሳቡን በጭንቅላቱ ሠራ። አንድ ብቻ አነሳ፣ ሁለተኛ ሊያነሳ ሲል ብርሃኑ ሄደ። (ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ይህን ታሪክ በጣም ነው የምወደው።) ከዚያ ያንኑ አንድ ኔጋቲቭ ለአሥርት ዓመታት በጨለማ ክፍል ውስጥ ደጋግሞ አሳተመው። የመጀመሪያዎቹ ላይ ሰማዩ ደመናማና ነጣ ያለ ነው፣ የኋለኞቹ ላይ ጥቁር ነው ማለት ይቻላል። አጭበርባሪ ያለው ሰው የለም።

አሁን ደግሞ የራሴን ልንገርህ፣ ወንጪ ስላልክ። ከስድስት ዓመት በፊት ሐይቁን ከላይ ከአፋፉ አነሳሁና ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብዬ አረንጓዴውን ሳብኩት። አማረኝ። ትንሽ ጨመርኩ። ዓይን ይለምዳል፣ ሲለምድ ያንሰዋል፣ ያንሰውና ይጨምራል፣ ልክ እንደ በርበሬ። በትልቁ አሳትሜ፣ በቀጣዩ ጉዞ ፈረስ ይዘው ለሚመሩን ሰውዬ በስጦታ ወሰድኩላቸው። ሰውዬው ፎቶውን ዘርግተው ያዙት። ሐይቁን አዩ። እኔን አዩኝ። መልሰው ሳሩን አዩና «ይሄ ሳር ምን በልቶ ነው?» አሉኝ። ፈረሳቸውም አጠገባቸው ቆሞ እውነተኛውን ሳር ይግጣል። የት ልግባ!

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የምሠራው። መጀመሪያ አድማሱን አስተካክላለሁ፣ የተንጋደደ ሐይቅ ሊፈስ የመጣ ይመስላል። ቀጥሎ የብርሃኑን ሙቀት፣ ማለትም ቢጫነቱንና ሰማያዊነቱን አያለሁ። ቀጥሎ ሃይላይቱን (የበራውን ክፍል) ዝቅ፣ ሻዶውን (የጨለመውን) ትንሽ ከፍ። አረንጓዴውን ደግሞ እቀንሳለሁ፣ ቀነስኩ ነው ያልኩት፣ ካሜራ የኛን ደጋ ሳር ቢጫ አድርጎ ማንቦግቦግ ይወዳል። ከዚያ ዘግቼው እተኛለሁ። እንደ ሊጥ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ስከፍተው «ማታ ምን ነክቶኝ ነው?» የምልበት ጊዜ ብዙ ነው፣ የጎተትኩትን ሁሉ በግማሽ እመልሰዋለሁ።

ድንበሬ የቱ ጋ ነው? ያልነበረውን አልጨምርም። ወፍ አልተክልም፣ ሰማይ አልቀይርም፣ ጨረቃ አላመጣም። የነበረውን ማጥፋት ላይ ግን እኔም አልጠራሁም። ሐይቅ ዳር የወደቀ ፌስታል ካለ አጠፋዋለሁ። አብሮኝ የሚወጣ አንድ ወዳጄ «ውሸታም፣ ፌስታሉ አገሩ ነው» ይለኛል። አራት ዓመት ተከራክረናል። አሁን ሁለታችንም ወደ መስማማት መጥተናል መሰለኝ፣ ከማንሳታችን በፊት ወርደን እንለቅመዋለን።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። በየዓመቱ ኦክቶበር ላይ ሸናንዶዋ ሄጄ ቅጠሉ ሲቀላ አነሳለሁ። በዓይኔ እሳት የመሰለው ጫካ ፎቶ ላይ ፈዞ፣ ቅጠሉም የሚያብለጨልጭ ነጭ ነገር ይዞ ይወጣል። ሌላው ደግሞ በመጪው ዓመት አገር ቤት ለሁለት ሳምንት እመጣለሁ። መቼ ልምጣ? ድሮን ላምጣ?

መልስ፦ ያ ነጭ ነገር የሰማዩ ነጸብራቅ ነው። ቅጠል ላዩ ሰም የተቀባ ያህል ያንጸባርቃል፣ በነጸብራቁ ሥር ያለው ቀይ ይሸፈናል። ፖላራይዘር የሚባለውን ፊልተር ግዛ። ሥራውን ኮምፒውተር ላይ ልትተካው አትችልም። ሌንሱ ላይ አስረህ ቀስ እያልክ አሽከርክረው፣ ቀለሙ ሲፈነዳ በዓይንህ ታየዋለህ። ብርሃን ስለሚበላ የካሜራው መዝጊያ ፍጥነት ይወርዳል፣ ትሪፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ያዝ። ደግሞ በሰፊ ሌንስ ሰማይ አታስገባበት፣ የሰማዩ ግማሽ ይጠቁርና ግማሹ ይነጣል።

ብዙ ሰው ፀሐያማ ቀን መርጦ ሸናንዶዋን በሚያቋርጠው መንገድ፣ ስካይላይን ድራይቭ ላይ ይሰለፋል። 105 ማይል መኪና! አንተ ደመናማ ቀን ሂድ፣ ከዘነበ በኋላ ቢሆን ደግሞ እሰየው። የረጠበ ቅጠልና የረጠበ ግንድ ቀለማቸው ይጠልቃል፣ ግንዱ ይጠቁራል፣ ቀዩ ከጥቁሩ ላይ ይነሳል። ሰማዩን ግን ከፎቶው ቆርጠህ አውጣው። ከፍታው ላይ ያለው ቅጠል ቀድሞ ነው የሚቀላው፣ ታች ያለው ዘግይቶ። ላይኛው ካመለጠህ ወደ ታች ውረድ።

አገር ቤት የምትመጣው በኛ አቆጣጠር ከመስቀል እስከ ጥቅምት አጋማሽ ይሁን። ሰማዩ የታጠበ ነው፣ መሬቱ ገና አልደረቀም፣ ማሳው ቢጫ መሆን ይጀምራል። ከከተማ የምትወጣበትን መንገድ ሁኔታ ግን አስቀድመህ እዚህ ያለ ሰው ጠይቅ። ድሮኑን ፈቃድ ሳትይዝ አታምጣው። ኤርፖርት ላይ ነው የምትለያዩት።

ጥያቄ፦ አራት ጓደኛሞች ባሌ ልንሄድ ነው፣ ሳነቴ ላይ ልናድር። ባለ 18-55 ሌንስ ነው ያለኝ። ይበቃል? ምን ልያዝ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ይበቃል። ሳነቴ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሜዳ ነው፣ ሰፊ ሌንስ ነው የሚፈልገው። ጅብራ የሚባለው ተክል ከሰው ቁመት በላይ ቆሞ ታገኘዋለህ፣ እሱን ከፊት አስቀድመህ፣ ከኋላው ሜዳውንና ቱሉ ዲምቱን (4,377 ሜትር) አስገባ። ሌንሱን 18 ላይ፣ ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ ኤፍ 8 ላይ አድርገህ ከፊትህ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ፎከስ ካደረግህ ከአንድ ሜትር ከምናምን ጀምሮ እስከ አድማሱ ሁሉም ጥርት ይላል። ተራራው ላይ ፎከስ የሚያደርግ ሰው ግን ጅብራውን ያደበዝዘዋል።

ብርዱ ባትሪ ይገድላል። መለዋወጫውን በውስጥ ኪስህ፣ ገላህ አጠገብ ያዘው። ያለቀ የመሰለህ ባትሪ ሲሞቅ እንደገና ነፍስ ይዘራል። ከሳነቴ ወደ ሐረና ጫካ ስትወርዱ ደግሞ ተጠንቀቅ። ከዚያ ብርድ በአንድ ጊዜ ሞቅ ያለና እርጥብ አየር ውስጥ ነው የምትገባው፣ ሌንስህ እንደ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ያልበዋል። ከመውረድህ በፊት ካሜራውን ፌስታል ውስጥ አስረህ ቦርሳ ውስጥ ክተተው፣ ቀስ ብሎ ይሙቅ።

ለኮከብ በ18 ሚሊ ሜትር ከ15 ሰከንድ በላይ አትክፈት፣ ኮከቦቹ ነጥብነታቸው ቀርቶ ጭረት ይሆናሉ። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 3200፣ ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው ክፈተው፣ ፎከሱን በእጅህ በአንድ ደማቅ ኮከብ ላይ አስተካክል። ትሪፖድ ግድ ነው፣ ማያያዣውንም ጭምር! እኔ ትሪፖዱን ከአዲስ አበባ ድረስ ተሸክሜ ሄጄ ካሜራውን ከትሪፖዱ ጋር የምታያይዘዋን ትንሿን ሳህን ጠረጴዛዬ ላይ ትቻት ነበር። በመጨረሻ ድንጋይ ላይ ጋቢዬን ጠቅልዬ፣ ካሜራውን እንደ ሕፃን አስተኝቼው አነሳሁ። ሌሊቱን ያለ ጋቢ ነው ያደርኩት። ፎቶዋ ግን ወጣች።

ቀይ ቀበሮ ካያችሁ መኪናዋን አቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ አትውረዱ። በ55 ሌንስ ትንሽ ነጥብ ነው የሚሆንብህ። ተወው፣ ሜዳውን ያዝና እሱ በውስጡ ነጥብ ይሁን።

አጫጭሮቹን ባንድ ላይ፦

ድልድይ ሳነሳ ጥበቃ ከለከለኝ ላልከው፦ አትከራከር። ድልድይ፣ ግድብና ካምፕ አካባቢ ካሜራ ከማውጣትህ በፊት ጠይቅ። «አጥፋው» ካሉህም አጥፋው፣ ከካሜራው ጋር አብረህ ወደ ቤትህ ተመለስ።

ፎቶሽን የት ላስቀምጥ ላልሽው፦ ሁለት ቦታ፣ ሁለቱም አንድ ቤት ውስጥ እንዳይሆኑ። የእኔ ሃርድ ዲስክ ከጠረጴዛ ወድቆ የሁለት ዓመት ፎቶ ይዞብኝ ሄዷል። አንዱን ቅጂ አሁን እህቴ ቤት ነው የማስቀምጠው፣ ቡና ስንጠጣ አድሰዋለሁ።

አንድ ቦታ ስንት ጊዜ መሄድ አለብኝ ላልከው ደግሞ፦ እንጦጦ ላይ አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለችኝ። ሳልቆጥር ብዙ ጊዜ ሄጄ ነበር፣ ከዚያ መቁጠር ጀመርኩና አሁን ከአርባ አልፏል። ደስ ያሉኝ ሦስት ፎቶዎች ናቸው። ይህን የምጽፈው ዓርብ ማታ ነው፣ ደመናው ከፋፈል ብሏል፣ ባትሪው ቻርጅ ላይ ነው፣ ሳህኗም ትሪፖዱ ላይ መኖሯን ሁለቴ አይቻለሁ።